ፖስተኛው በየበሩ ያየው

ረቡዕ ነበር፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2020። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በቫን ዕቃ እያደረስኩ ነው። መንገዱ ጭር ብሏል። ሰው ሁሉ ቤቱ ተከቷል፤ የሚንቀሳቀሰው ካርቶን ብቻ ነው፣ ካርቶኑን የማንቀሳቅሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ጭምብሉ ውስጥ ትንፋሼ ያፍነኛል። በር ላይ ስደርስ ደወል እደውላለሁ፣ ዕቃውን አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መሸሽ ነው። ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። ዜና አንባቢዋ ጆን ፕራይን የሚባል ዘፋኝ ትናንት ማታ ናሽቪል ውስጥ በኮቪድ ማረፉን ተናገረች። 73 ዓመቱ ነበር። ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ከዜናው አስከትለው አንድ ዘፈኑን ለቀቁት።

ጊታርና ወደ አፍንጫ ያደላ የወጣት ድምፅ። ታሪኩ ግን የወጣት አይደለም። አንድ ሽማግሌ ነው የሚያወራው። ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ሄደዋል፣ አንዱን የኮሪያ ጦርነት በልቶበታል፣ ለምን እንደሞተ እስካሁን አልገባውም። ከሚስቱ ጋር ብዙም አያወሩም። ድሮ ፋብሪካ አብሮት ይሠራ ለነበረ ጓደኛው ልደውል ይልና፣ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ ብሎ ይተወዋል። የዘፈኑ ስም "ሄሎ ኢን ዜር" ነው። በኛ አነጋገር "ኧረ እናንተ ውስጥ ያላችሁ፣ እንዴት ናችሁ?" እንደማለት።

ቫኑን ዳር አስያዝኩትና ዘፈኑ እስኪያልቅ ቁጭ አልኩ።

ምክንያት ነበረኝ። ያን ሰሞን ዕቃ ከማደርስባቸው ቦታዎች አንዱ የአረጋውያን መኖሪያ ነበር። ጎብኚ አይገባም፣ ልጅም ቢሆን አይገባም። መሬት ላይ ካለው ፎቅ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ ቫኑን ሲያዩ መስኮቱ ጋ መጥተው በጣታቸው መስታወቱን ያንኳኳሉ። እኔ እጄን አነሳለሁ። እሳቸውም ያነሳሉ። አንዳንዴ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሆነ ነገር ይነግሩኛል፣ መስታወቱ ግን ወፍራም ነው፣ አይሰማም። ከዚያ ረቡዕ በፊት እጄን አንስቼ እሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ደቂቃ መቆም ጀመርኩ። ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ፣ ያልሰማሁትን እንደሰማሁ ሆኜ። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም።

ማታ ቤት ገብቼ ዘፈኑ የተወሰደበትን አልበም ፈለግኩ። 1971 የወጣ ነው፣ ስሙም የሱው ስም፣ "ጆን ፕራይን"። የመጀመሪያ አልበሙ ነው። ሽፋኑ ላይ ጂንስ የለበሰ ልጅ ጊታሩን ይዞ የሣር ድርቆሽ ላይ ተቀምጧል። አሥራ ሦስት ዘፈን። ሳልነሳ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ይኸው እስከ ዛሬ እየሰማሁት ነው።

እንዲህ ያለው የካንትሪ ሙዚቃ ለኔ አዲስ አልነበረም። ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። አባዬ ጂም ሪቭስ ይወዳል፣ ዶን ዊሊያምስና ኬኒ ሮጀርስም ይወዳል፣ እሁድ ከሰዓት ቴፑን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ዘና ይል ነበር። ካሴቱ ሲጠላለፍበት በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ያስተካክለዋል። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባውም። "ይሄ እኮ የነሱ ትዝታ ነው" ይላል፣ ለሱ ይሄ በቂ ነው። ሀበሻ ቤት ውስጥ ካንትሪ የማይሰማበት ብዙ ቦታ አላውቅም፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ቤት ውስጥ፣ የትም ነበር። ስለዚህ የፕራይን ጊታር ጆሮዬ ላይ ሲያርፍ ቤቴ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ልዩነቱ፣ የአባዬ ዘፋኞች ድምፃቸው እንደ ቅቤ ነው። ይሄኛው ሻካራ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ቃሉን ከመዝፈን ይልቅ ያወራዋል።

ማን እንደነበረ ሳነብ ደግሞ የባሰ ወደድኩት። ፖስተኛ ነበር።

ይሄን ስል በደንብ እንዲገባችሁ፣ እኛ አገር ፖስተኛ በር አያንኳኳም ነበር። አባዬ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነበረው፤ ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ የሚያየው ራሱ ሄዶ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ፖስተኛው እየዞረ በየቤቱ ያደርሳል። ፕራይን ሜይዉድ በምትባል የቺካጎ ዳርቻ ከተማ በ1946 ተወለደ፣ ሃይስኩል ሲጨርስ ፖስታ ቤት ተቀጠረ፣ በ1966 ለውትድርና ተጠራ። ጊዜው የቬትናም ነው። እሱን ግን ዕድል ወደ ምዕራብ ጀርመን ላከችው፣ እዚያ የጦር ሠራዊቱን መኪና ሲጠግን ከረመ። ከዚያ ተመልሶ ያንኑ የፖስታ ቦርሳ ተሸከመ። ዘፈኖቹን የሠራቸው እየሄደ ነው። መንገዱን አንዴ ከለመድከው መጽሐፍ እንደሌለው ቤተ መጻሕፍት ነው ይል ነበር፣ የሚረብሽህ የለም፣ ታስባለህ። መንገድ ዳር ፖስታ የሚጠራቀምበት ትልቅ የብረት ሳጥን አለ፤ ቺካጎ ነፋሷ ሲበረታ እሱ ውስጥ ገብቶ ሳንድዊቹን ይበላ ነበር። ይሄን ሳነብ ያየሁት የራሴን ምሳ ነው። እኔም ጥር ላይ ቫኑ ኋላ፣ ካርቶን መሃል ተቀምጬ ነው የምበላው።

"ሄሎ ኢን ዜር"ን ሲጽፍ ያስታወሰው ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን ልጅነቱን ነው። ጓደኛውን እየረዳ ለአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ጋዜጣ ያደርስ ነበር። አንዳንዶቹ ክፍላቸው ሲገባ ለጎረቤቶቻቸው የልጅ ልጃቸው ሊጠይቃቸው የመጣ ያስመስሉታል። ልጅ ሆኖ ይሄን አየ። ከዚያ በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ዘፈን አደረገው።

አልበሙን ደጋግሜ የሰማሁት ለምን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። የመጀመሪያ አልበም ብዙ ጊዜ ስለ ራስ ነው። ወጣት ነህ፣ ተጎድተሃል፣ ወደሃል፣ ዓለም እንዲያይህ ትፈልጋለህ። በኛም ዘፋኞች እንደዚያው ነው፣ ክፋት የለውም። ይሄ ልጅ ግን ከአሥራ ሦስቱ ዘፈን አብዛኛውን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። ለሽማግሌ፣ ለመካከለኛ ዕድሜ ሴት፣ ለቆሰለ ወታደር፣ ማንም ዞር ብሎ ለማያያት ወፍራም ልጅ። በር በር የሚዞር ሥራ ይሄን ያስተምራል ብዬ አምናለሁ። በሩ ሲከፈት የምታየው ለአንድ ደቂቃ ነው። ነጠላ ጫማ፣ የተቃጠለ ሾርባ ሽታ፣ ማንም የማያየው ቴሌቪዥን፣ ግድግዳ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ፎቶ። ከዚያ ይዘጋል። የቀረውን አንተ መንገድ ላይ ትጨርሰዋለህ። የፕራይን ዘፈኖች ልክ በዚያ መጠን የተሠሩ ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ነገር ያሳይሃል፣ በሩን ይዘጋዋል።

"ሳም ስቶን"ን ውሰዱ። ከጦርነት የተመለሰ ሰው ነው፣ ጉልበቱ ውስጥ ፍንጣሪ፣ ደረቱ ላይ ሜዳሊያ፣ ለሕመሙ በተሰጠው ሞርፊን የተጀመረ ሱስ። ስለ ጦርነቱ ፖለቲካ ንግግር የለበትም። ልጆቹ የሰው ልብስ ለብሰው ሲሯሯጡ ያሳይሃል፣ በቃ። ያቺ አንዲት ነገር የቤቱን ገንዘብ የት እንደገባ ትነግርሃለች። አዝማቹን የሚያወራው ልጁ ነው፤ የአባቱን ክንድ በሕፃን ዓይን ያየዋል፣ ገንዘብ የሚፈስበት ቀዳዳ አድርጎ። እዚያው አዝማች ውስጥ ስለ ክርስቶስ የምትናገር መራራ ስንኝ አለች። የካንትሪው ዘፋኝ ጆኒ ካሽ ዘፈኑን ሲዘፍን ያቺን ስንኝ ቀይሯታል፣ አማኝ ነበርና ከበደችው። እኔም መጀመሪያ ስሰማት ደንግጫለሁ፣ አላማተብኩም አልላችሁም። ቆይቼ ሳስበው ግን ያ ልጅ ሊለው የሚችለው ሌላ ነገር የለም። የተቀየረው ስንኝ ለኔ ዘፈኑን አለስልሶታል። የፕራይኑ ይሻለኛል።

ከኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ከጦር ሜዳ የተመለሰ፣ ሱሱ አረቄ ነበር። ልጆቹ ከኔ ጋር ነው የተማሩት። ስሙን አልጽፍም። ግን ዘፈኑን ስሰማ የማየው ሁልጊዜ የሱን በር ነው።

"ኤንጅል ፍሮም ሞንትጎመሪ" ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ጓደኛው ስለ አረጋውያን ሌላ ዘፈን ጻፍ ሲለው፣ ስለ አረጋውያን የምለውን ብያለሁ፣ ካለችበት ዕድሜ በላይ ያረጀች ስለሚመስላት ሴት ብጽፍስ አለው። ሴትየዋ ኩሽና ናት፤ ፕራይን ሲያስባት እጇ ሳሙና ውስጥ ነበር። ዝንብ ትጮሃለች። ባሏ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፣ መሃል ላይ ምንም የሚሉት የላቸውም። ከዚያ የሚያበርራት ነገር ትመኛለች። ፕራይን "እኔ" ብሎ፣ በሴት አንደበት፣ አሮጊት ነኝ ብሎ ነው የሚጀምረው። 24 ዓመቱ ነው፣ ወንድ ነው፣ ፖስተኛ ነው። አንድም ጊዜ ግን ልብህ አይጠራጠርም። ዘፋኟ ቦኒ ሬይት በ1974 ተቀብላ ዘፈነችው፣ ብዙ ሰው የሷ ዘፈን ነው የሚመስለው። የሷ ድምፅ በጣም ያምራል፣ አልክድም። የሱን የምወደው ግን እንግዳ የሆነ ሰው የሌላውን ኑሮ በጥንቃቄ ይዞ፣ እንዳይሰበርበት እየተሸከመ ያለ ስለሚመስለኝ ነው።

እኛ ከቅኔ ቤት የወረስነው ልማድ አለን፣ ግጥም ስንሰማ ከሰሙ ሥር ወርቁን እንፈልጋለን። ፕራይንን ስሰማ መጀመሪያ ላይ የተቸገርኩት እዚያ ነው። ቆፍሬ ቆፍሬ ምንም አላገኘሁም። ዝንቧ ዝንብ ናት። ኩሽናው ኩሽና ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ነው ያለው፣ ወርቁ ሜዳ ላይ ተሰጥቷል፣ ግን ዝም ብለህ ካለፍክ አታየውም። ለካ እንዲህም ይጻፋል።

አልበሙ እንዴት እንደተሠራ ደግሞ ራሱን የቻለ ተረት ነው። ፕራይን ቺካጎ ውስጥ "ፊፍዝ ፔግ" በምትባል ትንሽ ቤት፣ ማንም መድረክ ላይ መውጣት በሚችልበት ምሽት፣ የሚዘፍኑትን እየሰማ ሲያጉረመርም፣ "ካላማረህ አንተ ወጥተህ ዝፈን" ተባለ። ወጣ። "ሳም ስቶን"ን፣ "ሄሎ ኢን ዜር"ን፣ "ፓራዳይዝ"ን ዘፈነ። ሰው ዝም ብሎ አፈጠጠበት። ያበላሸሁ መሰለኝ ይላል። ከዚያ ጭብጨባው መጣ። በ1970 ኦክቶበር የቺካጎ ሰን ታይምስ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት፣ ፊልም ጥሎ ወጥቶ ቢራ ፍለጋ ሲገባ ሰማውና ጻፈለት፤ የመጀመሪያው ጋዜጣ ላይ የወጣለት ጽሑፍ ይሄ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጓደኛው ስቲቭ ጉድማን፣ ራሱም ዘፋኝ ነው፣ ታዋቂውን ዘፋኝ ክሪስ ክሪስቶፈርሰንን ይዞ፣ ፕራይን ወደሚዘፍንበት "ኧርል ኦፍ ኦልድ ታውን" ወደሚባል ቤት በውድቅት ሌሊት መጣ። ቤቱ ተዘግቷል፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ፕራይን ለነዚያ ጥቂት ሰዎች ዘፈነ። ክሪስቶፈርሰን የዘፈንከውን ሁሉ ድገመው፣ ሌላም ካለህ ጨምር አለው። ኋላ አልበሙ ጀርባ ላይ፣ ዕድሜው 24 ነው፣ የሚጽፈው ግን እንደ 220 ዓመት ሰው ነው ብሎ መሰከረለት።

እኔ የምገረመው በጉድማን ነው። እሱም የራሱን ዕድል የሚፈልግ ልጅ ነበር እኮ። ትልቁ ሰው እጁ ገብቶለት ሳለ፣ የኔን ብቻ ስማ አላለም፤ እንሂድ፣ የጓደኛዬን ስማ አለ። ስንቶቻችን እናደርገዋለን?

ከዚያ ኒውዮርክ። ክሪስቶፈርሰን "ቢተር ኤንድ" የሚባል ቤት ሲዘፍን ፕራይንን መድረክ ላይ ጠራው፤ ከተቀመጡት መሃል የአትላንቲክ ሪከርድስ አለቃ ጄሪ ዌክስለር ነበር። በማግስቱ ውል ቀረበለት። አትላንቲክ የሬይ ቻርልስና የአሬታ ፍራንክሊን ቤት ነው። ፕሮዲውሰሩ አሪፍ ማርዲን፣ የኢስታንቡል ልጅ። ቀረጻው ሜምፊስ፣ "አሜሪካን ሳውንድ"፣ ከሁለት ዓመት በፊት ኤልቪስ ፕሪስሊ በቀረጸበት ስቱዲዮ፣ ከኤልቪስ ጋር በተጫወቱት ሙዚቀኞች። አስቡት፣ ትናንት ፖስታ ሲያድል የነበረ፣ ብቻውን በጊታር እንጂ ከባንድ ጋር ዘፍኖ የማያውቅ ልጅ! በጣም ፈርቶ ነበር፣ ራሱ ተናግሯል። ስትሰሙት ይታወቃል። ድምፁ ተጨምቋል፣ ጉሮሮው የተያዘ ይመስላል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1998 አንገቱ ላይ በወጣ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ድምፁ ወፍሮ ወርዷል፤ እነዚህኑ ዘፈኖች በዚያ ድምፅ ሲዘፍናቸው የሚያምር ነገር አለው፣ ዕድሜው በመጨረሻ ዘፈኖቹ ላይ ደርሶባቸዋል። እኔ ግን የፈራውን ልጅ አልለውጠውም። አንድ የማታውቀው በር ፊት ቆመህ ደወል ከነካህ በኋላ ያለችው ድምፅ ናት።

አልበሙ እንከን የለውም አልልም። "ፍላሽባክ ብሉዝ" ላይ ስደርስ ብዙ ጊዜ አልፈዋለሁ፣ "ፕሪቲ ጉድ"ም ላይ ከግጥሙ ይልቅ ባንዱ ይጮህብኛል። ባንዲራ መኪና መስታወት ላይ በመለጠፍ ገነት አይገባም የሚለው ዘፈኑ ያስቃል። መነሻው ያደላቸው ከነበሩት መጽሔቶች ውስጥ የሚወጣ የባንዲራ ተለጣፊ ነው፤ በማግስቱ ሰፈሩን ሁሉ ሞልቶት አገኘው። ግን የዘመኑ ነገር ነው፣ ለኔ እንደሌሎቹ አልዘለቀም። "ዶናልድ ኤንድ ሊዲያ" ዘልቋል። በሐሳብ ብቻ የሚገናኙ ሁለት ብቸኛ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ወታደር። እዚህ አገር የመጣሁበት የመጀመሪያ ክረምት፣ ማንንም ሳላውቅ፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳድር ቢደርሰኝ ኖሮ ብዬ እመኛለሁ።

ያቆየሁት "ፓራዳይዝ" ነው። ለኔ ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ከአባዬ ጋር የተያያዘ ነው።

የፕራይን ወላጆች የምዕራብ ኬንታኪ ሰዎች ናቸው፣ ሙለንበርግ ካውንቲ። ሥራ ፍለጋ ወደ ቺካጎ ወጡ፣ አባትየው ፋብሪካ ገቡ፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነበሩ። ልባቸው ግን ከኬንታኪ አልወጣም። ሬዲዮ ላይ የካንትሪ ፕሮግራም ይከፍታሉ፣ ክረምት ክረምት ልጆቻቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ግሪን ሪቨር ዳር ፓራዳይዝ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። አካባቢው የድንጋይ ከሰል አለው። የፒቦዲ ኩባንያ በግዙፍ አካፋ መሬቱን ከላይ እየገፈፈ ከሰሉን ያወጣል፣ ከሰሉ እዚያው በተሠራው የኃይል ማመንጫ ይቃጠላል፣ አመዱ መንደሯ ላይ ይዘንባል። በ1967 መንደሯ ተገዝታ ፈረሰች። ፕራይን ጀርመን ሳለ አባቱ የጋዜጣ ቁራጭ ላኩለት። ዘፈኑን የጻፈው ለሳቸው ነው። ልጅ አባቱን እዚያ ውሰደኝ ይላል፣ አባት ደግሞ ዘገየህ ልጄ፣ በባቡር ጭነው ወስደውታል ይለዋል። ከሌሎቹ ተለይቶ ኒውዮርክ ነው የተቀረጸው፣ ታላቅ ወንድሙ ዴቭ ቫዮሊን ይጫወትበታል፣ ያ ጓደኛው ጉድማንም አለበት። ጊታር ያስተማረው ዴቭ ነው። የቤተሰብ ዘፈን ነው በአጭሩ። መጨረሻው ላይ ስሞት አመዴን ግሪን ሪቨር ውስጥ በትኑልኝ ይላል። በ2020 ሲያርፍ ግማሹን እንደዚያው አደረጉለት፣ ግማሹን ቺካጎ ወላጆቹ አጠገብ።

በኛ አቆጣጠር በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ስትፈርስ አባዬ ከነዕቃው ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደ። አራተኛ ፎቅ። ስለ ማፍረሱ እዚህ አልከራከርም፣ ብዙ ተብሏል። እኔን የያዘኝ አባዬ ዝም ማለቱ ነው። ስደውል ስለ ውሃ ያወራል፣ ስለ ደረጃው ያወራል፣ ስለ ቤቱ ምንም። "እንዴት ነው አዲሱ ሰፈር አባዬ?" ስለው "ደህና ነው፣ ነፋስ አለው" ይላል። በቃ። ምን አዲስ ነገር አለ ቢሉት መልስ የሚያጣውን ሽማግሌ አስታወሰኝ።

አንድ እሁድ "ፓራዳይዝ"ን በቴሌግራም ላክሁለትና ደወልኩ።

"ምን ይላል?" አለኝ።

እያንዳንዱን እየቆምኩ ተረጎምኩለት። ወንዙን፣ መንደሩን፣ አካፋውን፣ ባቡሩን። ጉሮሮዬን ያዘኝ አንድ ቦታ ላይ። እሱ ዝም ብሎ ይሰማል።

"ሰፈሩ በእውነት ነበረ?"

"ነበረ። ፈረሰ።"

"አባትየው ሰሙት ዘፈኑን?"

ሰምተዋል። አልበሙ ሳይወጣ ፕራይን ቅጂውን ወላጆቹ ቤት ወሰደው። "ፓራዳይዝ" ሲደርስ አባትየው ተነስተው ወደ ሚቀጥለው ክፍል ገቡ፣ ጨለማው ውስጥ ተቀመጡ። ቡና ቤት ውስጥ ሳንቲም ተከቶበት ከሚዘፍነው ማሽን የሚመጣ እንዲመስላቸው ነው። በዚያው በ1971 አረፉ። ይሄን ሁሉ ነገርኩት፣ የመጨረሻዋን ብቻ ትቼ።

አባዬ ትንሽ ቆየ። ከዚያ "እስቲ ቆይ" አለኝ። ስልኩን የሆነ ቦታ ሲያስቀምጠው ሰማሁ። ሁለት ስልክ ነው ያለው፣ በሌላኛው መሆን አለበት፣ ዘፈኑን ከፈተው። ከዚያ እርምጃው ራቀ። ወንበር ተሳበ። እኔ ቨርጂኒያ ኩሽናዬ ውስጥ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ከሩቅ፣ ከባዶ ሳሎን ግድግዳ እያስተጋባ፣ የሁለቱ ወንድማማቾች ጊታርና ቫዮሊን ይመጣል፣ ውጭ ውሻ ይጮሃል፣ አባዬ ምንም አይልም። አለቀ። እንደገና ከፈተው።